ታሪክን እስከ ፒኤችዲ ለመማር የመጀመሪያ ዲግሪ የት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቴም ጥሩ ነው። ታሪክ ተምሬ፣ ማስተርስና ፒኤችዲ ሠርቼ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። አባቴ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ ከቤትሽ ተመላለሺ ይለኛል። አጎቴ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካልገባሽ ውጭ አገር የሚቀበልሽ የለም ይላል። ጓደኞቼ ታሪክ ራሱ ምን ያደርግልሻል ነው የሚሉኝ። ግራ ገባኝ። የቱን ልምረጥ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነው። ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። አብዛኛው ተማሪ «ታሪክ ደረሰኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። የፍሬሽማን ዓመት ሲያልቅ የፈለገው ዲፓርትመንት ሞልቶበት፣ ወይም ነጥቡ አልበቃ ብሎት። «መርጬ ነው የመጣሁት» የሚል ልጅ በዓመት አንድ ሁለት ካገኘሁ ያ ዓመት ጥሩ ዓመት ነው። አንቺ መርጠሽ ትመጫለሽ። ይህ ብቻውን የትም ብትገቢ መምህራኑን ወደ አንቺ ያቀርባቸዋል።

ከአጎትሽ ልጀምር፤ ያሉት ነገር ከፊሉ እውነት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የጀመረ ነው። በአገራችን ታሪክን በማስተማርና በመመርመር ረጅሙ ልምድ ያለው እዚያ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። የተቋቋመው በ1955 ዓ.ም. ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ብራናም፣ የድሮ ጋዜጣም፣ የተጓዦች መጽሐፍም ይዟል። ከሁሉ በላይ የቀደሙት የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች እዚያ አሉ። ወመዘክርም፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ እዚያው ከተማ ነው፤ ታክሲ ይዘሽ ትደርሻለሽ። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ላጣጥለው አልፈልግም።

«ውጭ አገር የሚቀበልሽ የለም» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ብዙ ጎበዝ ልጅ በዚህ አባባል ተስፋ ሲቆርጥ አይቻለሁና ሰፋ አድርጌ ላስረዳሽ።

ውጭ አገር ለፒኤችዲ ስታመለክቺ ማመልከቻሽን አንብበው የሚወስኑት ራሳቸው የታሪክ መምህራን ናቸው። ፊታቸው የሚቀርበው ምንድን ነው? የውጤት ማስረጃሽ። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት። ምን ልታጠኚ እንደምትፈልጊ የሚገልጽ ጽሑፍ። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት። አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ናሙና ጽሑፍ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ገጽ የሚሆን፣ አንቺ ራስሽ የሠራሽው ጥናት። እንግሊዝና ጀርመን ከናሙናው ይልቅ የጥናት ዕቅዱን አጥብቀው ያያሉ።

አሁን እዚያ ያለውን ሰው አስቢው። የባሕር ዳርን፣ የጎንደርንና የደብረ ማርቆስን ዩኒቨርሲቲ እያወዳደረ ደረጃ ሊያወጣ አይችልም። የአዲስ አበባን ስም ሰምቶ ይሆናል። ነገር ግን 20 ገጽ ሲያነብ፣ ይህች ልጅ ምንጭ መመርመር ታውቃለች ወይስ ከመጽሐፍ ገልብጣለች የሚለውን በሦስተኛው ገጽ ላይ ያውቀዋል። እኔም የተማሪ ወረቀት ስይዝ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ጥያቄሽን እንዲህ አድርገሽ ለውጪው። በአራት ዓመት ውስጥ ያንን 20 ገጽ የሚያስጽፈኝ ሰው የት ነው ያለው? ጽሑፌን እስክሪብቶ ይዞ የሚያነብ፣ «ይህን ከየት አመጣሽው? ሌላው ምንጭ ምን ይላል?» ብሎ ደጋግሞ የሚመልስልኝ ማን ነው?

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት ስሙ በተከበረ ግቢ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን አንድ ሙሉ ዓመት ለፋሁበት። ሲመለስልኝ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ኤ» ተጽፎበታል። ሌላው ገጽ ንጹሕ ነው፤ አንድ መስመር እንኳ አልተሰመረበትም። ያኔ ደስ ብሎኝ ቤተሰብ ጋብዤ ነበር። ለማስተርስ ስሄድ የመጀመሪያው ጽሑፌ ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰልኝ። ግርጌ ማስታወሻ በትክክል መጻፍ አላውቅም ነበር። ሁለት ምንጭ ሲጋጭብኝ የሚጥመኝን ይዤ ሌላውን እተወው ነበር። አራት ዓመት ተምሬ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያ «ኤ» እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የድጋፍ ደብዳቤውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። «ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ጠባይዋ የተመሰገነ ነው፣ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች» የሚል ደብዳቤ ለፒኤችዲ አይጠቅምም። ሁሉም ያመጣዋል። «የዘጌን የቡና መሬት ታሪክ ስትጽፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰነድና የሽማግሌዎቹ ቃል ቢጋጭባት እንዲህ አድርጋ ፈታችው» የሚል ደብዳቤ ነው የሚሠራው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍልሽ ከጎንሽ ሆኖ ሥራሽን ያየ መምህር ብቻ ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ከኋላ ተቀምጠሽ በዝምታ «ኤ» ብትሰበስቢ ይህን ደብዳቤ አታገኚም።

አሁን ወደ አባትሽ ሐሳብ ልምጣ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሁለት የቆዩ ተቋማት ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። አንዱ ከሶቭየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ ሌላው የመምህራን ማሠልጠኛው ፔዳጎጂ ነው። «ፔዳ» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ታሪክ የምትማሪው እዚያ ነው። ከመወሰንሽ በፊት ግን ግቢውን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ገዢ እይው።

መጀመሪያ የኮርሱን ዝርዝር ጠይቂ። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ «ታሪክና ቅርስ አስተዳደር» ሆኗል። ቅርስና ቱሪዝም መማር ክፉ አይደለም፤ ለሥራም ይረዳል። አንቺ ግን የታሪክ አጻጻፍና የምርምር ዘዴ ስንት ኮርስ እንደሆነ ቁጠሪ። ስለ ምንጭ ትችት፣ ማለትም አንድ ምንጭ ምን ያህል እንደሚታመን ስለ መመርመር፣ የሚያስተምር ኮርስ አለ ወይ? ቀጥለሽ የመመረቂያ ጽሑፉን ጠይቂ። በግል ነው የሚሠራው ወይስ አምስት ስድስት ሆኖ በቡድን? በቡድን ከሆነ አንድ ልጅ ይጽፋል፣ ሌላው ስሙን ያስገባል፤ አንቺም ለናሙና የሚሆን የራስሽ ወረቀት አይኖርሽም። እንዲያ ከሆነ ለብቻሽ እንድትሠሪ የሚፈቅድልሽ መምህር መኖሩን አጣሪ። ይህን ጥያቄ የትኛውም ግቢ ስትሄጂ ጠይቂ፤ አዲስ አበባም ቢሆን።

ከዚያ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊና ካፌ ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው። «ጽሑፍህን አንብቦ አርሞ የመለሰልህ መምህር ማን ነው?» በይው። ስም ሳያስብ ከነገረሽ ጥሩ ነው። ሁለት ልጅ ያንኑ ስም ከጠራ መምህርሽን አገኘሽ ማለት ነው። ዝም ካሉሽም ያው መልስ ነው።

የመውጫ ፈተናውንም አስቢበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ መጻፍ አይጠይቅም። ብዙ ግቢ የመጨረሻው ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ ለእሱ ዝግጅት ይውላል። ጽሑፍሽን በሦስተኛው ዓመት ካልጀመርሽ በአራተኛው ጊዜ አታገኚም።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። አጎትሽ ያልቆጠሩት ነገር አለ። ለታሪክ ተማሪ ምንጭ ማለት ሕይወት ነው። አንቺ ደግሞ ምንጭ ላይ ተወልደሽ ነው ያደግሽው።

ከወደቡ ጀልባ ስትይዢ ክብራን ገብርኤል ቅርብ ነው። ራቅ ስትይ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አጽም ያረፈበት። ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አሉ። እነዚህ ገዳማት የያዙት ብራና ጸሎት ብቻ አይደለም። የወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የውርስ ክርክር፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። የጎንደር ዘመንን የመሬት ሥሪት ያጠኑ ሊቃውንት አንዱ ትልቅ ምንጫቸው ይህ ኅዳግ ነው።

«ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባም» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ አይገባም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባሉ አውሮፓዊ ምሁር መጥተው የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሱ። የክብራኑን ካታሎግ እሳቸው አወጡት። የዳጋ እስጢፋኖስን ብራናዎች ካታሎግ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ቬሮኒካ ሲክስ ናቸው፤ ሴት ናቸው። ሴት የማይረግጠውን ደሴት ብራና ለዓለም አንባቢ የዘረዘረችው ሴት ናት። ይህን ለሴት ተማሪዎቼ ስነግራቸው ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። በዑራ፣ በአዝዋና በናርጋ በኩል ደግሞ በሩ ክፍት ነው። በትሕትና ሄደሽ፣ አባቶችን አስፈቅደሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ ትገቢያለሽ።

ብራና ብቻም አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው። መጀመሪያ የሽመና ማሽኑ ላይ የቆሙት ሰዎች ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። አንዳንዶቹ ምናልባት የሰፈርሽ ሰዎች ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሳ ያዩ አዛውንትም በየገጠሩ አሉ። ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባቶችም ሐይቁ ዳር ናቸው። የነሱ ቃል በጊዜ ካልተቀዳ አብሯቸው ይሄዳል። እዚህ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከፕሮፌሰር ይበልጣል። ቋንቋው አለሽ፣ ቅርበቱ አለሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄደሽ ቡና እየጠጣሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ዋጋ የለውም የሚል ካለ አትስሚው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመንና ከዚያም በኋላ የታሪክ ተማሪዎች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ዛሬም በትልልቅ የውጭ መጻሕፍት ግርጌ ማስታወሻ ላይ ይጠቀሳሉ። የ21 እና የ22 ዓመት ልጆች፣ ክረምት ወደ አገራቸው ገብተው ሽማግሌ ጠይቀው የጻፉት ነው። ያ ቃል ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው የሚጠቀሰው።

ርዕስ ስትመርጪ ብቻ አታስፊው። «የጣና ገዳማት ታሪክ» የሚል ርዕስ በየዓመቱ ይመጣልኛል፤ በየዓመቱ እመልሰዋለሁ። አንድ ሰው ዕድሜውን ቢጨርስበት አያልቅም። ዘጌን ውሰጂ። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ አይታረስም፤ አቡነ በትረ ማርያም የተቀበሉት ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ሕዝቡ የኖረው በቡና ነው። ታዲያ መሬቱ ካልታረሰ ውርሱ እንዴት ይከፋፈል ነበር? የሚቆጠረው መሬቱ ነው ወይስ የቡናው እግር? ሴት ልጅ ትወርስ ነበር? ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላስ ምን ሆነ? ከነዚህ አንዷን ብቻ ይዘሽ ለ20 ገጽ ብትሠሪ፣ የትኛውም አገር ያለ መምህር እስከ መጨረሻው ያነብሻል።

ቋንቋ ከአሁኑ ጀምሪ። ይህ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ይወስናል። ከ1900 በፊት ያለውን ልታጠኚ ከፈለግሽ ግዕዝ የግድ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ስማቸው የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ግዕዝ የሚያስተምሩ የኔታ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት አታጪም። ሰዋስዉንና የግሱን እርባታ ያዢ፣ ቅኔው ይቆይልሽ። ከዚያ በኋላ አንድ የአውሮፓ ቋንቋ ጨምሪ። ስለ ኢትዮጵያ ብዙው የድሮ ጥናት በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው የተጻፈው። ስለ ኢየሱሳውያኑና ስለ ጎርጎራ ካሰብሽ ፖርቱጋልኛ፤ ስለ ንግዱና ስለ እስልምና ታሪክ ካሰብሽ ዐረብኛ። አራት ዓመት ረጅም ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ብዙ ያደርሳል። እንግሊዝኛሽን ደግሞ በመጻፍ አሳድጊው። አንብበሽ የወደድሽውን እያንዳንዱን ጽሑፍ በአንድ ገጽ አሳጥረሽ ጻፊ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥሽ። በኔ አስተያየት፣ ፔዳ ላይ ያ የሚያነብልሽ አንድ መምህር ካለ፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽን እዚሁ ሥሪ። ማስተርስሽን አዲስ አበባ። በዚህ መንገድ ገዳሙንም ሽማግሌውንም በወጣትነትሽ፣ ቤተ መዛግብቱን ደግሞ መጠየቅ ከለመድሽ በኋላ ታገኛቸዋለሽ። አዲስ መምህራን፣ አዲስ ጥያቄ፣ ሌላ የድጋፍ ደብዳቤም ትጨምሪያለሽ። ለማስተርስ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳለ ግን አትርሺ። አንዱን ክረምት መንገዱ ሰላም ሲሆን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ አርፈሽ፣ ሁለት ሳምንት ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ማንበብ ትችያለሽ። አጎትሽ እዚያ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ክርክሩን በዚህ ታስታርቂዋለሽ።

ፔዳ ላይ ያን ሰው ካላገኘሽው አዲስ አበባ ሂጂ። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ቀኑንና ክፍያውን ከሬጅስትራሩ በጊዜ አጣሪ። ጎንደርም መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ የዘመነ ጎንደርን ታሪክ ከወደድሽ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ እዚያው ከተማ ናቸው። ውጭ አገር ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብታገኚ፣ ከትልቅ ስም ይልቅ ክፍሉ ትንሽ የሆነ፣ መምህሩ በስምሽ የሚጠራሽ ኮሌጅ ምረጪ። ግማሽ ስኮላርሺፕ ግን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ያስገባል፤ ተዪው።

ስለ ገንዘብ ሌላም አንድ ነገር። ለታሪክ ፒኤችዲ ከኪስሽ እንዳትከፍዪ። አሜሪካ ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ችለው ለአምስት ስድስት ዓመት የኑሮ አበል ይሰጣሉ፤ ማስተርስ ሳይኖርሽም ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። የማመልከቻ ክፍያ አቅም ለሌለው የሚነሳበት መንገድ አለ፤ ኢሜይል ጽፈሽ ጠይቂ። ጀርመን ከሆነ ሐምቡርግ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ፤ የብራና ሰው ከሆንሽ እዚያ ያሉትን መምህራን ሥራ ከአሁኑ አንብቢ።

ለጓደኞችሽ ብዙ መልስ አታብዢ። ታሪክ ደመወዙ ትልቅ አይደለም። መምህርነት፣ ሙዚየም፣ ቤተ መዛግብት፣ ቅርስ፣ ጋዜጠኝነት ያሠራል። ይህን አውቀሽ ነው የገባሽው።

አባትሽን ግን አነጋግሪያቸው። ቤት ሆኖ መማር ወጪ ይቀንሳል፤ ወጪ መጋራቱም ይቀልላል። ነገር ግን ቤት ስትሆኚ ሴት ልጅ ነሽ። እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍዪ፣ በዓል ሲደርስ ድግሱ ላይ ቁሚ፣ ታናሽሽን አስጠኚ ይመጣል። ብዙ ጎበዝ ሴት ተማሪዎቼ ከዶርም ልጆች ወደኋላ የቀሩት በዚህ ነው፤ ከጭንቅላት አይደለም። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ገና ሳትመዘገቢ፣ «አባዬ፣ ማታ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ማንም እንዳያስነሳኝ» ብለሽ ቃል አስገቢያቸው። እናትሽም ባሉበት ይሁን።

የምርጫ ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን አውጪ። አንዱን ቀን ፔዳ ሂጂና ያን የአራተኛ ዓመት ተማሪ አግኚ፤ ከቻልሽ ያለፈ ዓመት አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምነሽ ግርጌ ማስታወሻውን ተመልከቺ። በሁለተኛው ቀን በጀልባ ዘጌ ተሻገሪ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከደረስሽ በኋላ ሥዕሉን ብቻ አይተሽ አትመለሺ፤ አንድ አዛውንት አግኝተሽ ቡናው እንዴት እንደሚወረስ ጠይቂና የነገሩሽን ማታ ቤት ገብተሽ በአንድ ገጽ ጻፊው። ያን ገጽ ላኪልኝ። አንብቤ፣ በቀይ አርሜ እመልስልሻለሁ።